«ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚለው ጽሑፍ ከየት መጣ? የቤተሰብ ላፕቶፕ የፈቃድ ችግር፣ መፍትሔውና ሸሪዓዊ ገጽታው



በላፕቶፓችሁ ስክሪን ላይ ከታች በስተቀኝ ጥግ፣ ፈዘዝ ባለ ፊደል ዊንዶውስን አክቲቬት እንድታደርጉ የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ብሏል እንበል። ትናንት አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ማንም ምንም አልነካም። ቤት ውስጥ ያለው ላፕቶፕ አንድ ብቻ ሲሆን ነገሩ ያስጨንቃል። ፖሊ ግቢ የሚማረው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያ ውስጥ ነው፤ እህቱ ማታ ማታ ደርስ የምትከታተለው በእሱ ነው፤ አባት የሱቁን ሒሳብ በኤክሴል የሚይዘው እዚያው ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፎርማት አያስፈልግም። ሲያስፈልግም የሚደረገው በተለመደው መንገድ መሆን የለበትም።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ጽሑፍ ስለወጣ ፋይላችሁ አይጠፋም፤ ላፕቶፑም በድንገት አይቆለፍም። ዊንዶውስ 10 እና 11 አክቲቬት ባይሆኑም ይሠራሉ፤ ለ11 የደኅንነት ማሻሻያዎችም ይደርሱታል። የሚከለከለው የጀርባ ምስልን፣ ቀለምንና የመሳሰሉትን ከሴቲንግ ገብቶ መቀየር ነው፤ ማሳሰቢያውም በየጊዜው ይመላለሳል። ስለዚህ «ዛሬውኑ ካልተሠራ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ብሎ የሚያጣድፋችሁን ሰው አትስሙት። የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነኝ ብሎ በስልክ የሚደውል ካለ ደግሞ ያለጥርጥር አጭበርባሪ ነው።

አክቲቬሽን ማለት በአጭሩ የፈቃድ ማረጋገጫ ነው። ዊንዶውስ 25 ሆሄያትና ቁጥሮች ያሉትን የፈቃድ ቁልፍ ከማሽኑ የሃርድዌር መለያ ጋር አያይዞ ወደ ማይክሮሶፍት አገልጋይ ይልካል። አገልጋዩ ይህ ቁልፍ በዚህ ማሽን ላይ እንዲሠራ የተፈቀደ መሆኑን አይቶ ይመልሳል። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ይህ ምዝገባ «ዲጂታል ላይሰንስ» በሚባል መልክ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ስለሚቀመጥ፣ አንድ ጊዜ በትክክል የተመዘገበ ላፕቶፕ ያንኑ ኤዲሽን ደጋግመን ብንጭንበት እንኳ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያውቃል።

ፈቃዱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ይህን ካለመለየት ነው። አንደኛው በካርቶን ወይም ከማይክሮሶፍት መደብር በቀጥታ የሚገዛው ነው፤ «ሪቴይል» ይባላል፤ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላ ማዛወር ይቻላል። ሁለተኛው ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የሚመጣው «ኦኢኤም» የሚባለው ነው፤ ዋጋው በላፕቶፑ ዋጋ ውስጥ ስለተከፈለ ከዚያ ማሽን አይለይም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የዚህ ፈቃድ ቁልፍ በማዘርቦርዱ ላይ፣ ባዮስ በምንለው ቦታ ተቀርጾ ይመጣል። ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር፣ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ እንኳ ቁልፉ እዚያው አለ። ሦስተኛው ለመሥሪያ ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲዎች በጅምላ የሚሸጠው «ቮልዩም» የተባለው ነው። በዚህኛው አሠራር ድርጅቱ የራሱን የፈቃድ አገልጋይ ያቆማል፤ ኬኤምኤስ ይሉታል። የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ፈቃዳቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው። ፈቃዱ ዘላቂ አይደለም፤ 180 ቀን ብቻ ይቆያል። ኮምፒውተሩ በየ7 ቀኑ ከአገልጋዩ ጋር እየተገናኘ ለማደስ ይሞክራል። 180 ቀን ሙሉ ካላገኘው ፈቃዱ ያበቃል።

ይህን 180 ቀን ያዙት። «ስገዛው ኦሪጅናል ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ተበላሸ» የሚለው አቤቱታ ከዚህ ጋር ነው የሚገጥመው። ያገለገለ ላፕቶፕ ከአዲስ አበባ ገበያ ይገዛል፤ ወይም ዱባይ ወይም ጅዳ ያለ ዘመድ ይልካል። ሻጩ ወይም ጥገና ቤቱ የሚያውቀውን አንድ ፍላሽ ይሰካና ዊንዶውስ «ፕሮ» ይጭንበታል። ከዚያ የድርጅት አገልጋይ አስመስሎ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ያስገባበታል፤ ክራክ የምንለው ይህ ነው። ዊንዶውሱም ከመሥሪያ ቤቱ አገልጋይ ጋር የተገናኘ መስሎት «እሺ» ይላል። ገዢው አክቲቬት ሆኗል የሚለውን አይቶ ይዞ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ የዊንዶውስ የራሱ ጥበቃ፣ ዲፌንደር፣ ያንን ፕሮግራም እንደ አደገኛ አይቶ ያስወግደዋል። ማደስ አልተቻለም፤ ቀኑ አለቀ፤ ጽሑፉ ብቅ አለ። ላፕቶፑ አልታመመም። መጀመሪያውኑ የነበረው ፈቃድ የውሸት ነበር።

የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ ያው ላፕቶፕ እውነተኛ ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው። ከፋብሪካ የወጣው ለምሳሌ በዊንዶውስ 10 «ሆም» ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀረጸው የሆም ቁልፍ ነው። በላዩ ላይ ፕሮ ሲጫንበት ቁልፉ ለፕሮ አይገጥምም። ሐላል የሆነው፣ የተከፈለበት ፈቃድ ከሥር ተኝቶ እያለ ከላይ በክራክ ይሠራል ማለት ነው። ቤተሰቡ ሳያውቅ የራሱን ንብረት ትቶ በሰው ንብረት ይጠቀማል።

ከዓረብ አገር በተላኩት ላይ ይህ በተለይ ይደጋገማል። ላፕቶፑ ዓረብኛ ሆኖ ይመጣል፤ ሰው ወደ ጥገና ቤት ወስዶ «እንግሊዝኛ አድርግልኝ» ይላል፤ ባለሙያው ፎርማት አድርጎ ፕሮ ይጭናል። ተራው ሆም ግን ከሴቲንግ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ተገብቶ እንግሊዝኛ ይጨመርበታል፤ ኢንተርኔት ካለ በቂ ነው። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሠራው «ሲንግል ላንጉጅ» የሚባለው ዓይነት ሲሆን ነው ነገሩ የሚለየው።

እንግዲህ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጥገና ቤት መሄድ አያስፈልግም። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን ክፈቱ። በዊንዶውስ 10 ከሆነ ሴቲንግ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ አክቲቬሽን ነው። እዚያ ስለ «ዲጂታል ላይሰንስ» የሚናገር ዓረፍተ ነገር ካያችሁ መልካም ነው። «በድርጅታችሁ የአክቲቬሽን አገልግሎት አማካይነት» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ካልሆነ በቀር የየትኛው ድርጅት ነው? በአንድ ቤተሰብ ላፕቶፕ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር የክራክ ምልክት ነው።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ «አር» የሚለውን ንኩ፤ ትንሽ ሳጥን ትከፈታለች። በእንግሊዝኛ ፊደላት ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ፤ ባዶ ቦታ ተዉ፤ ወደ ፊት ያዘነበለውን መስመር አድርጋችሁ ኤክስ፣ ፒ፣ አር ጨምሩና ኢንተር በሉት። ጥቂት ቆይቶ መልስ ይሰጣል። በቋሚነት አክቲቬት ሆኗል ካለ ፈቃዱ ጊዜ የተቆረጠለት አይደለም። የሚያበቃበትን ቀን ከነገራችሁ ደግሞ ያ ቀን የ180 ቀኑ መጨረሻ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሉ ሻጩ ፊት ይህን ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የስድስት ወር ጭንቀትን ግን ያስቀራል።

ፈቃዱ እውነተኛ ሆኖ ስሕተት የሚያሳይ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ሰዓቱ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። በእኛ አገር ሰዎች የላፕቶፑን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ያስተካክላሉ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን «3» ብለው ይሞሉታል። በማሽኑ ዓይን ያ ሌሊት ነው፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። በእውነተኛ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ከሆነ የፈቃድ አገልጋዩ ከ4 ሰዓት በላይ ልዩነት ካየ ጥያቄውን አይቀበልም። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ የሚሞላም አለ፤ 2026 መሆን ያለበትን 2018 ያደርገዋል። ያኔ ማሽኑ ወደ ማይክሮሶፍት አገልጋይ ሲሄድ የአገልጋዩ የምስክር ወረቀት «ገና ያልተሰጠ» ሆኖ ይታየዋል፤ አላምንህም ብሎ ይመለሳል። አክቲቬሽን ብቻ ሳይሆን ብዙ ድረ ገጾችም እምቢ ይሉታል። ስለዚህ ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ተዉት፤ የሰዓት ክልሉን ከዝርዝሩ ውስጥ «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡ፤ ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያስተካክል አድርጉ። እያስተካከላችሁት በየማግስቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃለች። በብዙዎቹ ላይ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት፤ መቀየሯ ቀላል ነው።

ቀጥሎ ኢንተርኔት ነው። አክቲቬሽን የሚወስደው ዳታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሆትስፖት ይበቃል። በመሥሪያ ቤት ወይም በካምፓስ ዋይፋይ እምቢ ብሎ በስልክ ሆትስፖት የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ዋይፋዩ መንገዱን ስለሚዘጋ ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እውነተኛ ፈቃድ ያላቸው ላፕቶፖች በዚህ አልተጎዱም። አንዴ የተመዘገበ ዲጂታል ላይሰንስ በየሳምንቱ መታደስ አያስፈልገውም። ከጣና ማዶ፣ ኔትወርክ በቅጡ በማይደርስበት መንደር ላፕቶፑን ወስዶ ክረምቱን የሚያሳልፍ ተማሪም በዚህ ረገድ አይቸገርም። የሚቸገረው በውጭ አገልጋይ ላይ በተንጠለጠለ ክራክ የሚሠራው ነው።

አሁን ወደ ስሕተት ኮዶቹ እንምጣ። ኮዱ ረዥምና አስፈሪ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹን አራት ምልክቶች ብቻ ማየት ይበቃል።

«ኤፍ 074» የሚል ካለቀበት የድርጅት ፈቃድ አገልጋይ አልተገኘም ማለት ነው፤ በቤተሰብ ላፕቶፕ ላይ ከላይ ያወራነው ታሪክ ነው። «ኤፍሲ 03» ከሆነ የኢንተርኔት ግንኙነት ችግር ነው። «7001» ካለ ለዚህ ማሽን የሚሆን ፈቃድ አልተገኘም ማለት ነው፤ «ኤፍ 034» ከሆነ ደግሞ የገባው ቁልፍ ለዚህ የዊንዶውስ ዓይነት አይሆንም። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሆም ፈንታ ፕሮ መጫኑ ነው። «ሲ 003» ካለ ማይክሮሶፍት ቁልፉን አግዶታል፤ «ሲ 008» ከሆነ ቁልፉ ከተፈቀደለት በላይ በብዙ ማሽን ላይ ገብቷል። እነዚህ ሁለቱ በቴሌግራም በርካሽ ለተገዙ ቁልፎች የተለመዱ ናቸው። ለአንድ ድርጅት በጅምላ የተሰጠ ቁልፍ ሾልኮ ይወጣና ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይቸረቸራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ ይታገዳል። ሻጩ በዚያን ጊዜ የቻናሉን ስም ቀይሯል።

«ኤፍ 211» ራሱን የቻለ ነው። ሃርድዌር ተቀይሯል ማለት ነው፤ በተግባር ማዘርቦርድ ማለት ነው። ራም መጨመር ወይም ሃርድ ዲስክን ወደ ኤስኤስዲ መለወጥ ብዙውን ጊዜ ይህን አያመጣም። መብራት በኃይል ሄዶ ሲመጣ ማዘርቦርድ ይቃጠላል፤ ጥገና ቤቱ ከሌላ ላፕቶፕ አውጥቶ ይተካዋል፤ ማሽኑም ለማይክሮሶፍት አዲስ ሰው ሆኖ ይቀርባል። እዚህ ላይ የሚረዳው ፈቃዱን ቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ነው። አካውንቱ በነጻ ይከፈታል። ከተያያዘ በኋላ በአክቲቬሽን ገጽ ላይ «ትራብልሹት» የሚለውን ነክታችሁ፣ ሃርድዌር በቅርቡ ቀይሬአለሁ የሚለውን መርጣችሁ፣ በአካውንቱ ገብታችሁ ከዝርዝሩ ውስጥ ላፕቶፓችሁን ታመለክታላችሁ። ሪቴይል ፈቃድ ከሆነ ይህ መብታችሁ ነው። ኦኢኤም ከሆነ ግን ፈቃዱ ከድሮው ማዘርቦርድ ጋር የታሰረ ስለሆነ ላይሳካ ይችላል። ማዘርቦርድ ከማስቀየራችሁ በፊት ደግሞ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስካቸውን በራሳቸው ጊዜ ሊቆልፉት እንደሚችሉ እወቁ፤ ቢትሎከር ይባላል። ማዘርቦርዱ ሲቀየር 48 አኃዝ ያለው መክፈቻ ይጠይቃል። ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በዚያው ማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተው ጥገና ቤቱ በራሱ ኢሜይል ከሆነ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት። አካውንቱ በቤተሰቡ ኢሜይል ይሁን፤ ቁጥሩም በወረቀት ተጽፎ ቤት ይቀመጥ።

ክራክ የገባበት፣ ከሥሩ ግን የፋብሪካ ፈቃድ ያለው ላፕቶፕ እንዴት ይመለሳል? ፋይሎቻችሁን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ገልብጣችሁም ተከፍተው እንደሚሠሩ አረጋግጡ። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባዶ ፍላሽ አዘጋጁ። ከማይክሮሶፍት የራሱ ድረ ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባለውን በነጻ አውርዱ፤ እሱ ዊንዶውሱን አውርዶ ፍላሹን ያዘጋጅላችኋል። ዳታው በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ ያልተገደበ ፓኬጅ ወይም የቤት ዋይፋይ ያለው ሰው ዘንድ ብታደርጉት ይሻላል። በዚያ ፍላሽ ስትጭኑ ጫኚው ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ቁልፍ አንብቦ ትክክለኛውን ኤዲሽን ራሱ ይመርጣል። ኢንተርኔት ሲያገኝ አክቲቬት ይሆናል። አንድ ሳንቲም አይከፈልም። ጥገና ቤት የምታሠሩ ከሆነም የምትሉት ይህንኑ ነው፦ «ፕሮ አትጫንብኝ፤ ከፋብሪካ የመጣውን መልስልኝ፤ ክራክ አታስገባ።»

ከሥሩ ተለጣፊ ወረቀት ላይ የዊንዶውስ 7 ቁልፍ የተጻፈባቸው አሮጌ ላፕቶፖች ግን በዚህ አይካተቱም። በእነዚያ ቁልፎች ዊንዶውስ 10ን ወይም 11ን አክቲቬት ማድረግ ለዓመታት ይቻል ነበር፤ ማይክሮሶፍት በመስከረም 2016 መዝጋቱን አስታውቋል። ከዚያ በፊት የተመዘገቡት ፈቃዳቸው አልተነካም።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀውን እንመልከት። ክራክ መጠቀም በሸሪዓ እንዴት ይታያል?

የቀደሙት ፉቀሃእ ስለ ሶፍትዌር አልጻፉም፤ ነገር ግን ጉዳዩ በዘመናችን በሚገባ ታይቷል። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ ጉባኤ በ1409 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1988 እ.ኤ.አ ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ስብሰባ፣ ቁጥሩ 43 በሆነ ውሳኔው፣ የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በዘመናችን የገንዘብ ዋጋ ያላቸው፣ በሸሪዓ የተጠበቁና ሊደፈሩ የማይገቡ መብቶች መሆናቸውን ገልጿል። የሳዑዲ ዓረቢያ ቋሚ የፈትዋ ኮሚቴም ባለቤቶቹ የከለከሉትን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ መገልበጥ እንደማይፈቀድ ፈትዋ ሰጥቷል። ከማስረጃዎቹ አንዱ ሙስሊሞች በገቡት ስምምነት እንደሚጸኑ የሚናገረው፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ መክፈቻም አማኞች ውሎቻቸውን እንዲሞሉ ታዘዋል። ከዑለማዎች መካከል ለንግድ ሳይሆን ለግል ጥቅም፣ በተለይ ለተቸገረ ተማሪ፣ ነገሩን ቀለል አድርገው ያዩም አሉ። ይህን ልዩነት መደበቅ ተገቢ አይደለም። ይሁንና ያ አስተያየት የሚመለከተው ተጠቃሚውን እንጂ በክፍያ ክራክ የሚጭነውን አይደለም። በአገራችን ሕግም የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው።

በእኔ እይታ ከቅጂ መብቱ ይልቅ በእኛ ሁኔታ የሚከብደው ሽያጩ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ያገኙበት፣ ሻጩንም ለምን እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዳላደረገ የጠየቁበት ሐዲስ በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። «ኦሪጅናል ዊንዶውስ አለው» ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 180 ቀን የሚቆጥር ላፕቶፕ ያው እርጥብ እህል ነው። ሻጩ ወንድማችን «ክራክ ነው፤ ፈቃድ የለውም» ብሎ ቢናገር ገዢው ዋጋውን በዚያ ይተምናል። ሳይናገር ከሸጠ ግን ፊቅህ ለገዢው መብት ይሰጠዋል፤ ኺያሩል ዐይብ ይባላል። በሽያጭ ጊዜ ተደብቆ የነበረና ዋጋን የሚቀንስ ጉድለት ሲገኝ ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ሊቀበል ይችላል። ሻጭና ገዢ እርስ በርስ በሚተዋወቁበት እንደ ባሕር ዳር ባለ ከተማ ይህ በሽማግሌ ፊት በቀላሉ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን መብቱ መሆኑን አያውቅም።

ሌላው አማና ነው። ክራክ የሚጭነው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዲፌንደር እንዲጠፋ ነው። በሩን ከፍቶ ማን እንደገባ አለማየት ማለት ነው። ኬኤምኤስፒኮ የሚባለው የታወቀ ክራክ ስም ተለጥፎበት በኢንተርኔት ከሚሰራጨው ውስጥ «ክሪፕትቦት» የተባለ፣ በብራውዘር የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዎችን የሚሰርቅ ቫይረስ ያለበት እንደነበር በ2021 እ.ኤ.አ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች አጋልጠዋል። የቤተሰብ ላፕቶፕ ላይ ያለው የአንድ ሰው ምስጢር አይደለም። የእናት ፎቶ፣ የልጆች ሰነድ፣ የሱቅ ደንበኞች ስም አለበት።

ፈቃድ መግዛትስ? ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 ሆምን ዋጋ 139 ዶላር፣ የፕሮን 199 ዶላር ብሎ አስቀምጦታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ይህ ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ባለ ሱቅ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለዚህ ነው የፋብሪካውን ፈቃድ ማስመለስ ላይ ያተኮርኩት። ያ ከሌለ ደግሞ ነጻ የሆነና ባለቤቶቹ ራሳቸው እንድንገለብጠው የፈቀዱት አለ። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያለ ክፍያ ይወርዳሉ፤ አክቲቬሽን የሚባል ነገር የላቸውም፤ ለጎረቤት ብትሰጡትም ያስመሰግናል እንጂ አያስጠይቅም። ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። አማርኛ መጻፊያም አለው። ቤት ውስጥ የሚሠራው መጻፍ፣ ማንበብ፣ ደርስ ማዳመጥና ኢንተርኔት መጠቀም ከሆነ ይበቃል። የማይበቃው በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የምህንድስና ወይም የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም ለሚያስፈልገው ነው። ሳትጭኑት ከፍላሽ ላይ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ያኔ እዩት።

ስለ ኦፊስ አንድ ቃል፦ የዎርድ አክቲቬሽን ከዊንዶውስ ጋር አይገናኝም። አንዱ ሲስተካከል ሌላው አይስተካከልም፤ ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ የዊንዶውስ 10 ነገር አለ። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ላፕቶፑ መሥራቱን አያቆምም፤ አክቲቬሽኑም አይጠፋም፤ አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ ግን በመደበኛነት አይመጣለትም። እውነተኛ የዊንዶውስ 10 ፈቃድ ያለው ላፕቶፕ ማሽኑ ከፈቀደ ያለ ክፍያ ወደ 11 ያልፋል። መሥፈርቱ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ መሆኑን ጠይቁ። ስሙ «ኮር አይ 5» መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የሚናገረው። በ8 የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ከሆነ 8ኛ ትውልድ ነው፤ በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ከሆነ በጥቂት ሞዴሎች ካልሆነ በቀር ወደ 11 አያልፍም፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተነጋገሩበት።